በረኛው ሲፈርድ፦ የኢንተርኔት አቅራቢዎችና የስፓም ታሪክ

ስፓም የሚባለው ያልተጠየቀ የማስታወቂያ መልእክት የላኪው ጥፋት ብቻ ነውን? ወይስ መሥመሩን ያከራየው የኢንተርኔት አቅራቢ ኩባንያም ይጠየቅበታል? በዚህ አጭር ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ የሚሆነውን ማስረጃ ከሦስት ታሪኮች እንፈልጋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት የተፈጸመ ነው። በኤፕሪል 1994 ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ በአገራችን «ዲቪ» እየተባለ ስለሚጠራው የግሪን ካርድ ዕጣ የሚናገር የንግድ ማስታወቂያ፣ ዩዝኔት በተባለው መረብ ከ5,000 በሚበልጡ የውይይት ክፍሎች አሠራጩ። ከተቈጡ አንባቢዎች የጐረፈው ተቃውሞ የአቅራቢያቸውን የኢንተርኔት ዳይሬክትን ኮምፒዩተሮች ደጋግሞ ስላስቆመ፣ ኩባንያው ደንበኝነታቸውን ሰረዘ። ስፓምን የሚመለከተው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የወጣው ግን በ2003 ነው። እንግዲህ ከዳኛው በፊት በረኛው ፈረደ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ላኪዎቹ ዘዴ ለወጡ። በራሳቸው ስም መላክን ትተው የሌላውን ሰው ኮምፒዩተር በቫይረስ እየበከሉ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ መልእክት እንዲልክላቸው አደረጉ፤ እንዲህ ያለው የተበከሉ ኮምፒዩተሮች ጭፍራ ቦትኔት ይባላል። ባለቤቱ ራሱ ተበዳይ ስለሆነ፣ ደንበኛን ማባረር ብቻውን መፍትሔ መሆኑ ቀረ። በጃፓን ብዙ አቅራቢዎች ከ2005 ጀምሮ ፖርት 25 የተባለውን መውጫ ዘጉ፤ ይኸውም የደንበኛው ኮምፒዩተር ኢሜይልን በቀጥታ ወደ ውጭ እንዳይበትን፣ ማንነቱ በሚታወቅበት መንገድ ብቻ እንዲልክ ማድረግ ነው። ከ2006 እስከ 2011 ደግሞ መንግሥትና አቅራቢዎች ሳይበር ክሊን ሴንተር በተባለው ተቋም ተባበሩ። ኮምፒዩተሩ የተበከለበትን ሰው አቅራቢው ያስታውቀዋል፤ የማጽጃውም ፕሮግራም በነፃ ይሰጠዋል።

ሦስተኛው ታሪክ የማክኮሎ ነው። ይህ በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሆዜ የነበረ ኩባንያ ቦትኔቶችን የሚያዙ ኮምፒዩተሮችን ያስተናግድ ነበር። አንድ የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኛ ማስረጃ ካቀረበላቸው በኋላ፣ መሥመር የሚሰጡት ግሎባል ክሮሲንግና ሀሪኬን ኤሌክትሪክ በኖቬምበር 11 ቀን 2008 ቈረጡት፤ ወዲያውም የዓለም ስፓም በግማሽና ከዚያ በላይ እንደ ቀነሰ ተገመተ። ይሁን እንጂ ከጥቂት ቀናት በኋላ ማክኮሎ በሌላ ኩባንያ መሥመር ለጥቂት ሰዓታት ተመልሶ ገባ፤ በዚያች ጊዜ አንዱ ቦትኔት አዲስ ትእዛዝ ተቀበለ። በጥቂት ወራት ውስጥም ስፓሙ ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚህ ግን ድሩ አላበረም።

እንግዲህ አቅራቢው ኃይል እንዳለው ተረጋግጧል። ነገር ግን ማክኮሎ የተቈረጠው በፍርድ ቤት ውሳኔ አልነበረም፤ ፖርት 25 ሲዘጋም የራሱን የኢሜይል ኮምፒዩተር ከቤቱ ሊያሠራ የሚፈልግ ቅን ሰው አብሮ ይታገዳል። በስፓም ላይ የተለመደ ቍልፍ ነገ የማይወደድ አሳብ በሚናገር ሰው ላይ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የሚሻለው የጃፓኑ ሥርዓት ነው፦ በመጀመሪያ ማስታወቅ፣ ቀጥሎ ማጽዳት፣ መቍረጥ በመጨረሻ፤ የተቈረጠበትም ሰው አቤት የሚልበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።