የተዘጋው በርና የተከራየው አዳራሽ

ስለ ፊልም ሲነሣ ስለ አዘጋጁና ስለ ተዋንያኑ ብዙ ይባላል፡፡ ፊልሙ ስለሚታይበት አዳራሽና በዚያ ስለሚሰበሰበው ሰው የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው፡፡ ዛሬ ላነሣው የወደድሁት ይህንኑ ነው፤ የ«ሳንኮፋ»ን የአዳራሽ ታሪክ፡፡

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለዱ፡፡ አባታቸው ገሪማ ታፈረ የአርበኞችን ተጋድሎ በ«ጎንደሬ በጋሻው» ያቆዩልን ደራሲ ናቸው፡፡ ልጃቸው በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ከ1975 ጀምሮም በዋሽንግተኑ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ፊልም አስተማሩ፡፡

በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ» በጋና ጠረፍ፣ በባሪያ ንግድ ምሽግ ውስጥ ፎቶግራፍ ስትነሣ የነበረችን ጥቁር ሞዴል ወደ ኋላ ዘመን ይወስዳትና በሸንኮራ አገዳ እርሻ በባርነት ያኖራታል፡፡ ቃሉ የአካን ሕዝብ ነው፤ «ተመለስና አምጣ» እንደ ማለት፡፡ ምልክቱም አንገቷን ወደ ኋላ ያዞረች ወፍ ናት፡፡ በፊልሙ ውስጥ በባርነት የተያዙት ሰዎች አዳኝ ከውጭ አይጠብቁም፤ ራሳቸው ይነሣሉ፡፡

ፊልሙ በዚያው ዓመት በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ፡፡ አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው ኩባንያ አልተገኘም፡፡ እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና «አያዋጣም» የምትለዋን ቃል በቅርብ አውቃታለሁ፡፡ የሂሳብ ቃል ትመስላለች፤ ብዙ ጊዜ ግን የማን ታሪክ ሊሰማ እንደሚገባው የምትበይን የፍርድ ቃል ናት፡፡

ኃይሌና ባለቤታቸው፣ እርሳቸውም የፊልም ባለሙያ የሆኑት ሺሪኪያና አይና፣ በተዘጋው ደጅ ሲጠኑ አልኖሩም፡፡ ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ ፊልሙን ከከተማ ወደ ከተማ አዞሩት፡፡ ዋናው ማስታወቂያ የሰው አፍ ነበር፡፡ የየከተማው ጥቁር ማኅበረሰብ ወሬውን አዳረሰ፣ ተሰለፈ፣ አዳራሹን ሞላ፡፡ ያገራችን ሰው ይህን አሠራር ቢያየው ስሙን አያጣውም፤ እድር ይለው ነበር፡፡

ሐሳቡ ቀድሞም ሥር ነበረው፡፡ አርጀንቲናውያኑ ፈርናንዶ ሶላናስና ኦክታቪዮ ጌቲኖ በ1968 ያወጡት «የምድጃዎቹ ሰዓት»፣ ከአራት ሰዓት በላይ የሚወስደው ጸረ ቅኝ ግዛት ፊልም፣ በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን በየቤቱና በሠራተኞች መሰብሰቢያ በድብቅ ይታይ ነበር፡፡ ሕዝቡ እንዲወያይ ፊልሙ መሐል ላይ ይቆማል፡፡ እዚያ የተገኘ ሰው በመምጣቱ ብቻ አደጋ ላይ ወድቋልና ተመልካች ብቻ ልንለው አንችልም፡፡

የ«ሳንኮፋ» ተመልካች እንዲህ ያለ አፈና አልነበረበትም፡፡ እርሱን የገጠመው ሌላ ነገር ነው፡፡ የአያት ቅድመ አያቱን ሰንሰለት በሸራ ላይ ያያል፤ መብራት ሲበራ ደግሞ ግራና ቀኙ ያው ሰንሰለት የወለዳቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፡፡ ለቅሶ በጎረቤት መሐል ሲሆን ሌላ ነው፡፡ ሰው እንባውን ጠርጎ ወደ ጥያቄ የሚሻገረው እዚያ ነው፡፡

ከዚያ ጉዞ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ጥንዶቹ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የተባለውን መጻሕፍት ቤት ከፈቱ፡፡ ፊልም ይታይበታል፤ ደራስያን ይወያዩበታል፡፡ በ2019 የአካባቢው የመሬት ዋጋ ንሮ የንብረት ግብሩ ሲከብድ፣ ማኅበረሰቡ ድምፁን አሰማ፤ የከተማው ምክር ቤትም የግብር እፎይታ ፈቀደ፡፡ አዳራሽ የሞላው ሕዝብ ቤቱንም አልጣለም፡፡

በ2021 «ሳንኮፋ» ታድሶ በኔትፍሊክስ ቀረበ፡፡ ቀድሞ አያዋጣም የተባለው ፊልም በየሰው እልፍኝ ገባ፤ ደስ ይላል፡፡ ይሁን እንጂ ብቻውን በስልኩ የሚያይ ሰው ፊልሙ ሲያልቅ ከማን ጋር ይነጋገራል? ስለዚህ ፊልሙን ያላያችሁ ስታዩት፣ ቢያንስ አንድ ጎረቤት ጥሩ፡፡ ቡናው እስኪፈላም ተወያዩ፡፡