መብራት በመጥፋቱ የተረፈው ቅጂ

ብልህ ገበሬ ዘሩን ሁሉ በአንድ ጎተራ አያኖርም፤ እሳት ቢነሳ ለከርሞ የሚዘራው ያጣልና። የኮምፒዩተር ዘመን ግን ይህን ትምህርት የተማረው ብዙ ከከሰረ በኋላ ነው።

አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ትልልቅ ሳህኖች ተደርድረውበት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር። ዛሬ በኪስ በሚያዝ ዲስክ ላይ የአንድ ድርጅት ሥራ በሙሉ ይሰፍራል። ብዙው በአንድ ቦታ በተከማቸ ቁጥር ታዲያ ጥፋቱም የዚያኑ ያህል ይከፋል። ለዚህ የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ የሜርስክ ታሪክ በቂ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ከዩክሬን ተነስቶ ዓለምን አዳረሰ። ሜርስክ ቤት ሲደርስ የኮምፒዩተሮቹ መስኮት ተራ በተራ ጠቆረ፤ ወደብ ላይ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ቀሩ። ኩባንያው ባክአፕ አልነበረውም እንዳይባል፣ የብዙዎቹ ሰርቨሮች ቅጂ ተገኝቷል። የታጣው የዋናዎቹ ነው። ሠራተኛው ማን እንደሆነና የት መግባት እንደሚፈቀድለት የሚመዘግቡት ሰርቨሮች 150 ያህል ሲሆኑ፣ አንዱ የሌላው ቅጂ ነበር። አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካዋል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሁሉም ባንድ ቀን ይሞታሉ ብሎ ማን አሰበ? በአንድ መስመር እንደተሳሰሩ አብረው ተደመሰሱ።

አንድ ብቻ ተረፈ፣ ጋና ውስጥ። ያተረፈው የባለሙያ ጥበብ እንዳይመስላችሁ፤ መብራት ጠፍቶ ነበር! ሰርቨሩ ከመስመር ውጪ ስለሆነ በሽታው አላገኘውም። ጣጣው ግን አላለቀም። ቅጂውን ወደ እንግሊዝ እንላከው ቢባል መስመሩ ቀርፋፋ ነው፤ ሰው ይዞት ይሂድ ቢባል የጋናው ቢሮ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ የላቸውም። በመጨረሻ አንዱ ናይጄሪያ ድረስ በርሮ ዲስኩን አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ለሌላ ሠራተኛ አስረከበ፤ ያም ለንደን አደረሰው። 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒዩተሮች በ10 ቀን እንደ አዲስ ተደራጁ። ኪሳራው እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ።

እንግዲህ ከዋናው ጋር በገመድ የተያያዘ ቅጂ ከዋናው ጋር ይሞታል። የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ላፕቶፕ ይዞ የሚዞር ጓደኛችንም ቢሆን ይህን ያስብበት። አንዱ ቅጂ ተነቅሎ ሌላ ቤት ይቀመጥ፤ ሌባ እንዳያነበው በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ አልፎ አልፎም መከፈቱ ይሞከር። መብራት እስኪጠፋልን ከመጠበቅ ገመዱን በገዛ እጃችን መንቀል ይሻላል።