መኪናዬን ልለውጥ ወይስ ላቆይ? የአንድ ጥያቄ ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ለታሪክ ገለጻ ትንሽ ሊመስል ይችላል። አንድ ሰው ደኅና የሚሄድ መኪና አለው። ይህን መኪና ለነጋዴው አስረክቦ፣ ግምቱ ከአዲሱ ዋጋ ላይ ተቀንሶለት፣ ልዩነቱን ከፍሎ አዲሱን ሞዴል ይውሰድ ወይስ ያለውን እያደሰ ይንዳ? በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ይህን ጥያቄ በሕይወታቸው ደጋግመው ይገጥሙታል። አዲስ አበባ ላይ ግን እምብዛም አይሰማም። እኛ በ«ልዋጭ» ስም የምናውቀው በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ሳፋና ጆግ የሚሰጠውን ነጋዴ ነው፤ መኪና በልዋጭ ሲሄድ ያየን ጥቂቶች ነን።

ይህ ልዩነት ከሀብት ልዩነት ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ጥያቄው ከሰው ኪስና ምርጫ የሚነሣ የግል ጉዳይ ቢመስልም የተወለደበት ቦታና ዘመን አለው። ቦታው ዲትሮይት፣ ዘመኑም 1920ዎቹ ነው። ስለ ውጭው ዓለም በምናገርበት ሁሉ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ሄንሪ ፎርድ በ1908 ሞዴል ቲን ለገበያ ሲያቀርብ የተመኘው ሁሉም ሰው የሚገዛው፣ ገበሬው ራሱ በመፍቻ ፈቶ የሚጠግነው፣ ከዓመት ዓመት መልኩ የማይለዋወጥ አንድ ዓይነት መኪና ነበር። በመጀመሪያ 850 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው መኪና በ1913 ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ከተተከለ በኋላ ዋጋው እየወረደ ሄዶ፣ በ1925 ባለ ሁለት መቀመጫው ክፍት ሞዴል እስከ 260 ዶላር ደርሷል። በፎርድ ዓይን መኪና እንደ ማረሻ ያለ መሣሪያ ነው። ዘንድሮ የተሠራ ማረሻ ገበያ ወጥቷል ብሎ የአምናውን የሚጥል ገበሬ የለም። መሣሪያው ሲሰበር ይጠገናል፤ መጠገን እንቢ ሲል ይተካል። እንዲህ በሚያስብ ገበያ ውስጥ «ልለውጥ ወይስ ላቆይ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣበት ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ነው።

ፎርድን የጎዳው የገዛ ስኬቱ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ መኪና የመግዛት አቅም የነበረው አሜሪካዊ አብዛኛው ገዝቶ ጨርሷል። በአሥርተ ዓመቱ መጨረሻ በአገሪቱ የተመዘገቡት የቤት መኪናዎች 23 ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል፤ ይህም በግምት ለአምስት ሰው አንድ መኪና ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደንበኛ በጋሪ የኖረ አይደለም፤ ደጁ ላይ መኪና የቆመለት ነው። ይባስ ብሎ የፎርድ ዋና ተፎካካሪ የሌላ ፋብሪካ አዲስ መኪና ብቻ አልነበረም። በሞዴል ቲ ዋጋ ወይም ከዚያ ባነሰ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ያገለገለ፣ ግን የተሻለ ምቾት ያለው መኪና ይገኝ ነበር። ርካሹን አዲስ መኪና ያሸነፈው ያገለገለው መኪና ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህን በጊዜው አንብቦ የተጠቀመበት በ1923 የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት የሆነው አልፍሬድ ስሎን ነው። ስሎን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመው ትዝታው የ1920ዎቹን ገበያ የለወጡትን ነገሮች አራት አድርጎ ይዘረዝራቸዋል፤ የዱቤ ሽያጭ፣ አሮጌውን ተቀብሎ አዲሱን መሸጥ፣ ጣራና መስኮት ያለው ዝግ አካል፣ እንዲሁም በየዓመቱ የሚወጣ አዲስ ሞዴል። ታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በአራተኛው ላይ ነው። የእኔ አስተያየት ግን ቁልፉ ሁለተኛው ነው የሚል ነው፤ አሮጌውን የሚረከብ ሰው ከሌለ በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ማውጣት ፋይዳው ትንሽ ነውና።

ዱቤውን በአጭሩ ላንሣው። ጄኔራል ሞተርስ የራሱን አበዳሪ ኩባንያ ያቋቋመው በ1919 ነበር። ፎርድ በበኩሉ በ1923 ያወጣው ዕቅድ ደንበኛው በየሳምንቱ አምስት ዶላር እየቆጠበ ዋጋውን ሲሞላ መኪናውን እንዲረከብ የሚያደርግ ነበር። አንዱ መጀመሪያ ንዳ፣ ኋላ ትከፍላለህ ይላል፤ ሌላው መጀመሪያ ቆጥብ፣ ኋላ ትነዳለህ ይላል። ለእኛ እቁብ ለምናውቀው ሰዎች የፎርድ መንገድ እንግዳ አይደለም፤ ሆኖም በእቁብ እንኳ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው የመጨረሻውን ቀን አይጠብቅም። ዱቤ የደንበኛውን ሐሳብ ከመኪናው ዋጋ ወደ ወርኀዊው ክፍያ አዞረው። ነጋዴው አሮጌውን መኪና እንደ ቅድሚያ ክፍያ ሲቆጥርለት ደግሞ ደንበኛው ከኪሱ ጥሬ ገንዘብ ሳያወጣ አዲስ መኪና ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ነጋዴው እንምጣ፤ የታሪኩ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። ነጋዴው በአንድ ጊዜ ሻጭም ገዢም ሆነ። ለምሳሌ ያህል የአዲሱ መኪና ዋጋ 800 ዶላር፣ የደንበኛው አሮጌ መኪና የገበያ ዋጋ ደግሞ 200 ዶላር ነው እንበል። ነጋዴው «ለአሮጌው 300 እቆጥርልሃለሁ» ይላል። ደንበኛው መኪናው የተከበረችለት መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል። በእውነቱ የሆነው ነገር ከአዲሱ ዋጋ ላይ 100 ዶላር መቀነሱ ነው፤ ነገር ግን ቅናሹ የአሮጌው ዋጋ መስሎ ስለቀረበ አይታይም። በተገላቢጦሹ፣ በአዲሱ ላይ ትልቅ ቅናሽ አሳይቶ የአሮጌውን ግምት ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ሁለት ግብይቶች በአንድ ውል ሲታሰሩ የእያንዳንዳቸው ዋጋ ይደበዝዛል። ዛሬም «ስንት ይቆጥሩልኛል?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው፤ እጄ ላይ ያለውን ሰጥቼ ስንት እጨምራለሁ፣ ያንንም ጭማሪ ለምን ነገር እከፍላለሁ?

በዚህ ጨዋታ ነጋዴውም ሁልጊዜ አሸናፊ አልነበረም። ፋብሪካው በኮታ መኪና ይጭንበታል፤ የጎረቤት ነጋዴ ለአሮጌው የበለጠ ይቆጥራል፤ እርሱም ላለመበለጥ ሲል ከገበያው በላይ እየቆጠረ ግቢውን በማይሸጡ አሮጌ መኪናዎች ይሞላዋል። የአሮጌ መኪና ዋጋ መመሪያ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ሌስ ኬሊ የተባለ የሎስ አንጀለስ መኪና ነጋዴ ዛሬም በስሙ የሚታወቀውን ሰማያዊ የዋጋ መጽሐፍ ማሳተም የጀመረው በ1926 ነበር። የኢኮኖሚው ድቀት ሲበረታም መንግሥት ራሱ ገባበት። በሩዝቬልት ዘመን በ1933 በወጣው የብሔራዊ መልሶ ማቋቋም ሕግ ሥር የመኪና ችርቻሮ ንግድ ደንብ ተደንግጎ፣ ነጋዴዎች ለአሮጌ መኪና ከተወሰነ ጣሪያ በላይ እንዳይቆጥሩ ተከለከሉ። ይህ ሥርዓት ዕድሜው አጭር ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 1935 ሕጉን ሲሽረው የመኪናው ደንብም አብሮ ወደቀ። ነገር ግን «መኪናህን ስንት ልቁጠርልህ?» የሚለው የሁለት ሰዎች ክርክር የመንግሥት አጀንዳ እስከ መሆን መድረሱን ልብ በሉ።

አሮጌውን የሚረከብ ከተገኘ፣ ባለቤቱ እንዲያስረክብ የሚገፋፋው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ቀለምና ቅርጽ ይመጣሉ። ሞዴል ቲ ከ1914 እስከ 1925 በጥቁር ቀለም ብቻ ይሸጥ ነበር። በ1923 ዱፖንት ያቀረበው ዱኮ የተባለ ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም በጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ላይ መታየት ሲጀምር፣ ቀለም ለማድረቅ ሳምንታት መጠበቅ ቀረ፤ ኅብረ ቀለማትም ለተራው ገዢ ቀረቡ። በ1927 ደግሞ ሃርሊ ኧርል በኩባንያው ውስጥ ስለ መኪና መልክ ብቻ የሚያስብ ክፍል እንዲመራ ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ የመኪናን ዕድሜ ለማወቅ ሞተሩን መክፈት አላስፈለገም፤ ጎረቤት ከመስኮቱ ሆኖ ያውቀዋል። ቀድሞ መኪና የሚያረጀው በተጓዘው መንገድ ልክ ነበር፤ አሁን ጋራዥ ቆሞም በቀን መቁጠሪያ ያረጅ ጀመር። ፎርድ በዚያው ዓመት ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተውን ሞዴል ቲ ማምረት አቁሞ ፋብሪካውን ለወራት ዘጋ። ታኅሣሥ 1927 በሞዴል ኤ ሲመለስ በተለያዩ ቀለማት ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ሥርዓት በአደባባይ እየተሳለቀበት ገበያ ያገኘ መኪና በአገራችንም በደንብ ይታወቃል፤ ቮልስዋገን። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ያወጣቸው ማስታወቂያዎች ከዓመት ዓመት መልኩ አለመቀየሩን እንደ ኩራት ያቀርቡት ነበር።

ምጣኔ ሀብታዊው ትንታኔ ዘግይቶ ነው የመጣው። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው፣ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛው በሆነው ጽሑፉ፣ ያገለገለ መኪና ዋጋ ለምን እንደዚያ እንደሚወድቅ አስረድቷል። ሻጩ የመኪናውን ገመና ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ስለዚህ ገዢው ለደኅናውም ለብልሹውም የሚሰጠው ዋጋ የጥርጣሬ ዋጋ ነው። ከዚህ የምንረዳው ዘይቱን በሰዓቱ የቀየረና መኪናውን በጥንቃቄ የያዘ ሰው ለጥንቃቄው ከልዋጩ ገበያ ሙሉ ዋጋ እንደማያገኝ ነው። ነጋዴው የሚገምተው የማያውቀውን መኪና ነው፤ ባለቤቱ ግን የሚሰጠው የሚያውቀውን ነው። በጥሩ ሁኔታ የተያዘ መኪና ከማንም ይልቅ ለባለቤቱ ይበልጥ ዋጋ አለው።

በ2009 የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ልዋጭ ሆኖ ገበያ ወጣ። ነዳጅ የሚያባክን አሮጌ መኪና አስረክቦ ቆጣቢ አዲስ ለሚገዛ ሰው 3,500 ወይም 4,500 ዶላር ሰጠ። በሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ 677 ሺህ ያህል መኪናዎች ተሰበሰቡ፤ ሞተራቸውም ተመልሰው እንዳይነሡ ሶዲየም ሲሊኬት በተባለ ኬሚካል እንዲደርቅ ተደረገ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከሽያጩ አብዛኛው በሚቀጥሉት ወራት ሊፈጸም የነበረ ግዢ ቀደም ብሎ የተከናወነበት ነበር። ሞተር ወርዶ፣ ታድሶ፣ ሌላ አካል ላይ ሲገጠም እያየ ላደገ ሰው ግን ከስታቲስቲክሱ ይልቅ የሚዘገንነው ያ ደኅና ሞተር ሆን ተብሎ ሲገደል ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ያው መኪና ሌላ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። እዚህ የመኪናን ዋጋ የሚወስነው የሞዴሉ ዓመት ብቻ አይደለም፤ ቀረጥና ኤክሳይስ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የብር የመግዛት አቅም መውረድም ጭምር ነው። መኪና የገዛ ሰው ከዓመታት በኋላ ከገዛበት በሚበልጥ ብር ሲሸጥ አይተናል። ዲኤክስ ኮሮላ አርባ ዓመት አልፏት በመንገድ ላይ የምትታየው ባለቤቷ አዲስ ነገር ስለሚጠላ አይደለም። ሶማሌ ተራ ዕቃዋ ይገኛል፤ መካኒኩ ያውቃታል፤ ከሁሉም በላይ አንዴ ከተሸጠች በገንዘቡ ተመልሶ መኪና ውስጥ መግባት ያስቸግራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት በእጅጉ አስወደደ። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ማድረግ ነበር፤ ቀድሞ የገባውን አሮጌ ግን የበለጠ ተፈላጊ አደረገው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ መኪና ተሽከርካሪም የቁጠባ ደብተርም ነው። አሮጌውን ቆጥሮ የሚረከብ ሻጭም አልተስፋፋም፤ ያንን ቦታ የያዘው ደላላው ነው።

ይህ ሒሳብ እየተለወጠ ነው። ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አሁን የቪትዝ ባለቤት በየቤንዚን ማደያው ሰልፍ ላይ ሆኖ ያንኑ የዲትሮይት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሽጬ ኤሌክትሪክ ልግዛ ወይስ ላቆይ? የሚገዛው ዕቃ ግን እንደ ኮሮላ አይደለም። በዓለም ገበያ ላይ የባትሪ ዋስትና በተለምዶ ስምንት ዓመት ነው፤ አምራቾች በዋጋ ይፎካከራሉ፤ በየዓመቱም ረዘም ያለ ርቀት የሚሄድ ባትሪ ያወጣሉ። በመንገድ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ የሚያረጅ መኪና በብዛት ሲገባልን የመጀመሪያው ሊሆን ነው። ስድስት ዓመት የሠራ ባትሪ ያለው መኪና ስንት ያወጣል? ኬሊ በ1926 ለሎስ አንጀለስ ያዘጋጀው ዓይነት ሁሉም የሚያምነው የዋጋ መጽሐፍ በእኛ ገበያ ሥር አልሰደደም፤ ዋጋው በደላሎች ራስና በኪስ ደብተራቸው ውስጥ ነው።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ርዕስ ከፈለጋችሁ፣ እነዚያ ደብተሮች ሳይጣሉ ሄዶ ማንበብ፣ ባለቤቶቻቸውንም ማነጋገር ይቻላል። የሃምሳ ዓመት የዋጋ ታሪክ የሚያስታውሱ ሽማግሌ ደላሎች አሁንም በሥራ ላይ አሉ። ቀሪውን ሰዓት ለጥያቄ ልተወው።