«ሲኒ» እና «ሸክላ»፦ የነጩ የቻይና ዕቃ ስያሜ በአማርኛ

በቡልቡላም ሆነ በአዳማ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁለት የእጅ ጥበቦች ጎን ለጎን ይታያሉ። ጀበናው የአገር ሸክላ ነው፤ በረከቦቱ ላይ የተደረደረው ሲኒ ግን የሩቅ ምሥራቅ ጥበብ ወራሽ ነው። ስሙም ይህንኑ ይመሰክራል። «ሲኒ» በዐረብኛ ቻይናን ከሚያመለክተው «ሲን» የወጣ ቅጽል ሲሆን፣ ትርጉሙ «ቻይናዊ» ማለት ነው። ቃሉ በኦሮምኛም ይነገራል።

የንግዱ መንገድ ጥንታዊ ነው። በድሬዳዋ አቅራቢያ በምትገኘው ሐርላ በተደረገው ቁፋሮ የቻይና ሸክላ ስብርባሪ መገኘቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ተገልጿል።

የነጩ ዕቃ ጥበብ ከፍተኛ ደረጃ ከደረሰባቸው ዘመናት አንዱ የሚንግ ንጉሠ ነገሥት ዮንግሌ ዘመን (1402–1424 እ.ኤ.አ.) ነው። በጂንግዴዠን የቤተ መንግሥቱ ምድጃዎች የተሠራውን ነጭ ዕቃ የኋላ ዘመን ጸሐፊዎች «ቲየንባይ»፣ ማለትም «ጣፋጭ ነጭ» ብለውታል። ጭቃው ካኦሊንና የተፈጨ ድንጋይ ተዋሕደው የሚገኝ ነው፤ ብረት ስለሚያንሰው አይቀላም። በላዩ ጥርት ያለ ልባስ ተቀብቶ 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ሲተኮስ ገላውና ልባሱ ይዋሐዳሉ። አንዳንዱም ወደ ብርሃን ሲያነሡት ብቻ የሚታይ ስውር ጌጥ አለው። እንከን የተገኘበት ዕቃ ተሰብሮ ይቀበር ስለነበር፣ የዛሬ ተመራማሪዎች ታሪኩን ከዚያው ስብርባሪ አንብበዋል። የአገራችን ሸክላ ግን በገላጣ እሳት፣ ከ1000 ዲግሪ በታች ይተኮሳል፤ ልባስም የለውም።

እንግዲህ ተርጓሚው «ነጭ ሸክላ» ብሎ ቢያልፍ ሁለቱን ጥበቦች ያደባልቃል። «ሲኒ» ቢልም አንባቢው የቡና መጠጫውን ብቻ ያስባል፤ ቃሉ ከቁሱ ወደ ዕቃው ጠቧልና። የአውሮፓው «ፖርሰሊን» በበኩሉ ዛጎልን ከሚያመለክት የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው፤ «ካኦሊን» ደግሞ በጂንግዴዠን አጠገብ ካለችው ጋኦሊንግ መንደር።

ስለዚህ ቁሱን «ፖርሰሊን»፣ ጭቃውን «ካኦሊን»፣ ሽፋኑን «ልባስ» ማለት ይሻላል። «ሲኒ» ለመጠጫው ይቅር፤ መዝገበ ቃላቱ ግን «ቻይናዊ» የሚለውን ጥንተ ትርጉም ይመዝግብለት። «ስኒ» ተብሎ በሳድስ መጻፉ ቢለመድም፣ የቃሉን ምንጭ የሚጠብቀው ሣልሱ ነው። ምንጩ ካልተመዘገበ ቃሉ ይኖራል፤ የተሸከመው ታሪክ ግን ይጠፋል።