ከኋላ ወደ ፊት የሚዛወር ሂሳብ፦ የወንዶች ራሰ በራነት፣ መድኃኒቱና ንቅለ ተከላው

እኛ ድንበር ተሻግረን የምንነግድ ሴቶች ሰው ምን እንደሚፈልግ ገና ከአጠያየቁ እናውቃለን። ጫማ የሚፈልግ ወንድ ጮክ ብሎ ይጠይቃል፤ ዋጋም ይከራከራል። የፀጉር ማሳደጊያ የሚፈልግ ግን ሌላው ገዢ እስኪወጣ ይጠብቃል። ኮፍያውን ያስተካክልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለአንድ ጓደኛዬ ነው» ይላል። ዋጋ አይከራከርም።

ለዚያ «ጓደኛ» ለብዙ ዓመታት ሸጠናል። ከናይሮቢ ኢስሊም ሆነ ከዱባይ ዴራ በሻንጣ ጥግ ይዘን የመጣነው፣ «በ15 ቀን» የሚል የተጻፈበት የዘይት ጠርሙስ ነበር። ሠርጉ ሁለት ወር የቀረው አንድ ልጅ ሦስት ጠርሙስ ወሰደ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ሊጣላን መስሎን ደነገጥን። እሱ ግን «እትዬ፣ ከዚህ ጠንከር ያለ የለም?» አለን። ቢቆጣ ይሻለን ነበር። ያን ቀን ምሽት ጠርሙሱን አገላብጠን ብናይ ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር አንድ ቃል አልነበረበትም። እኛ ደግሞ የሸጥነውን ዕቃ አናውቀውም ነበር። ይህን ታሪክ መከታተል የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ራሰ በራነትን እናድናለን የሚል ገበያ ከእኛ በፊት ብዙ ሺህ ዓመት ቆይቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በግብፅ የተጻፈውና ዛሬ የኤበርስ ፓፒረስ የሚባለው የሕክምና ጽሑፍ ለራሰ በራ ሰው የአንበሳ፣ የጉማሬ፣ የአዞ፣ የድመት፣ የእባብና ዋልያን የመሰለ የበረሃ ፍየል ስብ ተቀላቅሎ እንዲቀባ ያዛል። ስቡን ማን እንደሸጠው ባይጻፍም የአንበሳና የአዞ ስብ በርካሽ እንዳልተገኘ መገመት ለነጋዴ አይከብድም። እኛም ቅቤውን፣ እሬቱን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ የሽንኩርት ጭማቂውን ስንቀባ አድገናል። ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፤ ከግንባር የሸሸውን ፀጉር ግን አልመለሰም።

የመጀመሪያውን ትክክለኛ ፍንጭ የሰጡት ግሪኮች ናቸው። የሂፖክራተስ ጽሑፎች ጃንደረቦች ራሰ በራ እንደማይሆኑ ይናገራሉ። ይህ አስተያየት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያለ ማብራሪያ ቆየ። ማብራሪያው የተገኘው አሜሪካዊው የአናቶሚ ተመራማሪ ጄምስ ሃሚልተን በ1942 ጥናቱን ሲያወጣ ነው። ሃሚልተን ለአካለ መጠን ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶችን ተከታተለ፤ ፀጉራቸው አልተመለጠም። ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው ራሰ በራነት ያለባቸው ፀጉራቸው መሳሳት ጀመረ። ስለዚህ ነገሩ ሁለት ቁልፍ ያለው በር ነው፦ አንዱ ሆርሞን፣ ሌላው ውርስ። ሆርሞኑ በሁሉም ወንድ አለ። የሚለየው የፀጉሩ ሥር ለሆርሞኑ ያለው ስሜት ነው፤ እሱም ከእናትም ከአባትም ወገን ይወረሳል። ኮፍያ ማድረግ ፀጉር ይጨርሳል የሚባለው፣ ውሃው ነው ወይም ብዙ ማሰብ ነው የሚባለው ሁሉ ይህን ዓይነቱን መመለጥ አያመጣም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለቱ የታወቁ መድኃኒቶች ሁለቱም ለሌላ ነገር ሲፈለጉ የተገኙ ናቸው። አንደኛው ሚኖክሲዲል ነው። አፕጆን የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ፋብሪካ ያዘጋጀው ለከባድ የደም ግፊት ነበር፤ በ1979 በእንክብል መልክ ተፈቀደ። እንክብሉን የወሰዱ በሽተኞች ግን ፊታቸውና ክንዳቸው ላይ ሳይቀር ፀጉር በቀለባቸው። ለግፊት በሽተኛ ችግር የነበረው ለሌላው ምኞት ሆነና መድኃኒቱ ጭንቅላት ላይ በሚቀባ ፈሳሽ ተዘጋጀ። በ1988 ሮጌን በሚል ስም ለወንዶች ተፈቀደ፤ ከ1996 ጀምሮም በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል።

ሁለተኛው ፊናስቴራይድ ነው። የእሱ ታሪክ የሚጀምረው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ገጠር ነው። ጁሊያን ኢምፔራቶ-መክጊንሊ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1974 ስለ አንድ አካባቢ ልጆች ጽፈው አሳተሙ። ልጆቹ ሲወለዱ ሴት ተብለው ያድጋሉ፤ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ግን የወንድ አካል ያወጣሉ። በእነዚህ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ቴስቶስትሮንን ዲ.ኤች.ቲ. ወደሚባል ብርቱ ሆርሞን የሚለውጠው ኤንዛይም ይጎድላል። አድገውም ፕሮስቴታቸው ትንሽ ነው፤ ራስ ቅላቸውም አይመለጥም። መርክ የተባለው ኩባንያ ይህን መነሻ አድርጎ ኤንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት ሠራ። በ1992 በ5 ሚሊግራም መጠን ለፕሮስቴት እብጠት፣ በ1997 ደግሞ በ1 ሚሊግራም መጠን ለወንዶች ራሰ በራነት ተፈቀደ።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይናገሩትን እንናገር። ሁለቱም መድኃኒቶች ውጤት ለማሳየት ወራት ይፈልጋሉ። እንዲያውም ሚኖክሲዲል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉር ሊያረግፍ ይችላል፤ ሰውም ደንግጦ ይተወዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ መድኃኒቱ ሲቆም ያስገኘው ጥቅም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሄዳል። መድኃኒት ኪራይ ነው፤ ክፍያ ሲቆም ቤቱ ይለቀቃል። ፊናስቴራይድ በጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የስሜት መጨነቅ ያመጣል። ለፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ የሚደረገውን የፒ.ኤስ.ኤ. የደም ቁጥርም በግማሽ ያህል ዝቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ መንገር አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን ወይም የተፈጨውን እንክብል መንካት የለባትም፤ በማኅፀን ያለ ወንድ ልጅን ሊጎዳ ይችላል። ከመካከላችን ስንቶቻችን ከልብስ ጋር ጠቅልለን ተሸክመነዋል! ልብ ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰውም ሚኖክሲዲልን ሐኪም ሳይጠይቅ አይጀምር።

ቀዶ ሕክምናው በሌላ መንገድ መጣ። በ1939 ሾጂ ኦኩዳ የተባሉ ጃፓናዊ የቆዳ ሐኪም ፀጉር ካለበት ቦታ ትንንሽ ክብ ቆዳ እየቆረጡ፣ በቃጠሎና በጠባሳ ፀጉር ባጣ ቦታ ላይ እንደተከሉ ጻፉ። ጽሑፉ በጃፓንኛ ነበር፤ ጦርነቱም ተከተለ፤ ዕውቀቱ ከአገሩ ሳይወጣ ቀረ። በኒው ዮርክ ኖርማን ኦሬንትራይክ በ1952 ለራሰ በራ ሰው ንቅለ ተከላ ሠሩ፤ በ1959ም ግኝታቸውን አሳተሙ። ያገኙት ነገር የዚህ ሁሉ ሥራ መሠረት ነው። ከኋላና ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር ለሆርሞኑ አይንበረከክም፤ ወደ ግንባር ሲዛወርም ጠባዩን ይዞ ይሄዳል። ሰው አገር ቢለውጥ ጠባዩን እንደማይለውጥ ማለት ነው።

የዚያ ዘመን ሥራ ግን ያስታውቅ ነበር። የሚቆረጠው ቆዳ አራት ሚሊሜትር ያህል ስፋት ስለነበረው ፀጉሩ እንደ አሻንጉሊት ፀጉር በጭብጥ በጭብጥ ቆመ። በ1990ዎቹ ሐኪሞች ከኋላ የተቆረጠውን ቆዳ በማይክሮስኮፕ ሥር እየከፈሉ፣ ፀጉር በተፈጥሮው እንደሚበቅለው ከአንድ እስከ አራት ፀጉር ባለው ሥር ለይተው መትከል ጀመሩ። በ2002 ደግሞ ዊልያም ራስማን፣ ሮበርት በርንስታይንና ባልደረቦቻቸው አንድ አንዱን ሥር በአንድ ሚሊሜትር መሣሪያ እየነቀሉ የሚያወጡበትን መንገድ አሳተሙ። ረጅም የስፌት ጠባሳ ስለማይተው ገበያው ወደዚህ ዞረ። ዛሬ የዚህ ሥራ ትልቁ ከተማ እኛም በልብስ የምናውቃት ኢስታንቡል ናት። ከላሌሊ ቦንዳችንን አስረን አውሮፕላን ስንጠብቅ፣ ግንባራቸውን በጥቁር ጨርቅ ያሰሩ፣ ጭንቅላታቸው በቀይ ነጠብጣብ የተሞላ የየአገሩ ወንዶች አጠገባችን ይቀመጣሉ። ሆቴሉና መኪናው ተጨምሮ በአንድ ዋጋ ይሸጥላቸዋል።

በንግድ ሥራ ዲፕሎማችን የተማርነው የሂሳብ አያያዝ እዚህ ላይ ጠቀመን። ገንዘብ ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ሲዛወር የድርጅቱ ሀብት አይጨምርም። ንቅለ ተከላም እንዲሁ ነው። አንድም አዲስ ፀጉር አይፈጥርም፤ ከኋላ ያለውን ወደ ፊት ያዛውራል። ከኋላ የወጣ ሥር ቦታው ላይ ተመልሶ አይበቅልም። ያ የኋላ ፀጉር የሰውየው የዕድሜ ልክ መነሻ ካፒታል ነው፤ አንዴ ካለቀ ከማንም አይበደርም።

ይህን የሚያውቅ ሰው ቢነግረው ኖሮ አንድ የመንገድ ወንድማችን አይጎዳም ነበር። በሞያሌ መስመር ጫማ ያመላልስ ነበር። በ24 ዓመቱ የሁለት ዙር ዕቃ የሚያመጣ ገንዘብ ይዞ ወደ ውጭ ሄደ። ከአገር ሳይወጣ በስልክ የተላከ ፎቶ አይተው ዋጋ ቆረጡለት። ሲደርስም ሐኪሙን ያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ግንባሩ ላይ ዝቅ ያለ፣ የልጅነት መስመር ሠሩለት። በዓመቱ በእርግጥ አማረበት፤ እኛም መርቀነው ነበር። ነገር ግን የተተከለው ሲቆም፣ ከጀርባው ያለው የራሱ ፀጉር መሄዱን አላቆመም። ይህን የሚያዘገይ መድኃኒት እንዳለም አልነገሩትም። በአራተኛው ዓመት ኮፍያውን አውልቆ አሳየን፦ አጥሩ ቆሟል፤ ግቢው ባዶ ነው። ሊጨምር ቢጠይቅ ከኋላ የቀረው ፀጉር እንደማይበቃ ተነገረው። ጫማውን ንግድ ለመመለስ ሁለት ዓመት በሰው ዕቃ ላይ ሠራ።

ስለዚህ ለሚጠይቀን ሁሉ የምንለው ይህ ነው። በመጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይይህ፤ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የሚመለጥ፣ የሚያሳክክ፣ የሚላጥ ወይም በድንገት የሚረግፍ ፀጉር ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። መድኃኒት ከፈለግህ ከመድኃኒት ቤት በደረሰኝ ግዛ፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ፀሐይ ሲመታው ከሰነበተ ሻንጣ አይደለም። ቀዶ ሕክምና ካሰብህ ገና ጎረምሳ ሳለህ አትቸኩል፤ መመለጡ የት ድረስ እንደሚሄድ እስኪታይ ጠብቅ። ነቅሎ የሚያወጣው ማን እንደሆነ፣ ሐኪሙ ነው ወይስ ረዳቱ፣ ስንት ሥር ከኋላ እንደሚወጣና ስንት እንደሚቀር ጠይቅ። የእኛ የተጠቀለለ ፀጉር ሥሩም ከቆዳ በታች ጠምዘዝ ያለ ነው፤ ልምድ የሌለው እጅ ሲነቅለው ይቆርጠዋል። ቁስልህ አብጦ የሚድን፣ ኬሎይድ የሚያወጣ ቆዳ ካለህ አስቀድመህ ተናገር። የተተከለው ፀጉርም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረግፋል፤ ከሦስት አራት ወር በኋላ ይበቅላል፤ ሙሉ ውጤቱ ዓመት ይፈልጋል። «በ15 ቀን» የሚል ካለ ያው የእኛ የድሮ ጠርሙስ ነው።

እኛ ያንን ዘይት ማምጣት ትተናል። ትርፉ ጥሩ ስለነበር መተዉ ቀላል አልነበረም፤ ዛሬም ከጎናችን የሚሸጥ አለ። «ለጓደኛዬ ነው» የሚል ሲመጣ «ጓደኛህን ይዘኸው ና፤ ቡና እናጠጣውና የምናውቀውን እንነግረዋለን» እንለዋለን። አንዳንዱ ስቆ ኮፍያውን ያወልቃል።

ያ ሙሽራ ዛሬም ደንበኛችን ነው። የሦስቱን ጠርሙስ ገንዘብ ልንመልስለት ስንል አልቀበልም አለ፤ በልጁ ጫማ አካካስነው። ጭንቅላቱን በሳምንት ሁለቴ ሙልጭ አድርጎ ይላጫል። አሁን ከእኛ የሚገዛው ምላጭ ነው፤ ሱቁ በሰው ቢሞላም ጮክ ብሎ ይጠይቃል፤ ዋጋም ይከራከራል።