የጣት ፊደል ዜና መዋዕል

ዓይነ ስውራን ልጆች በጣታቸው የሚያነቡት መጽሐፍ የተጀመረው በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ ነው። ከዚያ በፊት ማየት የተሳነው ልጅ የሚማረው በጆሮው ነበረ፤ የነገሩትን በቃሉ ይይዛል እንጂ ራሱ ገልጦ የሚያነበው መጽሐፍ፣ ራሱ ጽፎ የሚልከው ደብዳቤ አልነበረውም። የድኻ ልጅ እንደ ሆነም ዕጣው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ መለመን ነበረ። ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1771 ቫላንቲን አዊ የሚባል ልሳናት ዐዋቂ በሴንት ኦቪድ ገበያ ሲያልፍ፣ ዓይነ ስውራን የወረቀት መነጽር ተደርጎላቸው፣ ያልተማሩትን ቫዮሊን እየገዘገዙ፣ የሕዝብ መሣቂያ ሲሆኑ አየ። ያየውም ነገር ከልቡ አልወጣም፤ እነዚህን ሰዎች ማንበብ አስተምራለሁ ብሎ ቈረጠ።

በ1784 ፍራንሷ ለሱዌር የሚባል ዓይነ ስውር ወጣት በሴን ዠርማን ደ ፕሬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲለምን አዊ አገኘው። ልጁ በልመና ያገኝ የነበረውን ገንዘብ አዊ ከኪሱ እየተካለት፣ ከእንጨት በተቀረጸ ፊደል ያስተምረው ጀመር። አንድ ቀን ልጁ የታተመ ወረቀት ጀርባውን ሲዳስስ፣ ማተሚያው አጥብቆ ተጭኖት ኖሮ፣ ጎልቶ የወጣውን ፊደል በጣቱ ለየ ይባላል። ከዚህም የተነሣ አዊ እርጥብ ወረቀት በትልልቅ የብረት ፊደል ላይ እያስጫነ፣ ጽሕፈቱ ጎላ ብሎ የሚዳሰስ መጽሐፍ ማሳተም ያዘ። በ1785 ለዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ቆመ። በ1786 መጨረሻም ተማሪዎቹ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት በንጉሡ በሉዊ 16ኛ ፊት ቀርበው ማንበባቸውን አሳዩ።

ነገር ግን ያ መጽሐፍ ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛው፣ ፊደሉ ለዓይን የተሠራ በመሆኑ ጣት የእያንዳንዱን ፊደል ቅርጽ እየተከተለ ሲዞር ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ መጽሐፉም ከትልቅነቱ የተነሣ ለልጅ ሸክም ነበረ። ሁለተኛው፣ ልጁ ቢያነብ እንጂ በዚያ ፊደል ሊጽፍ አይችልም ነበር።

በ1809 ጥር 4 ቀን፣ ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ ባለችው በኩቭሬ መንደር ሉዊ ብሬል ተወለደ። አባቱ ሲሞን ሬኔ ኮርቻ ሰፊ ነበረ። ልጁ በ3 ዓመቱ በአባቱ የኮርቻ መሥሪያ ሲጫወት ወስፌ አንሥቶ ቆዳ ልውጋ ሲል ዓይኑን ወጋው፤ ቁስሉም ወደ ሁለተኛው ዓይን ተላልፎ በ5 ዓመቱ ፈጽሞ ታወረ። የመንደሩ ቄስ ዣክ ፓሉዊ አስተማረው፤ ከዚያም ከሚያዩት ልጆች ጋር ገብቶ ተማረ። በ1819 የካቲት 15 ቀን፣ በ10 ዓመቱ፣ አዊ ወደ መሠረተው የፓሪስ ትምህርት ቤት ገባ።

በ1821 ሻርል ባርቢዬ የሚባል፣ ቀድሞ የመድፈኛ ጦር መኮንን የነበረ ሰው፣ በጎላ ነጥብ የሚጻፍ ምልክት ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ልጆቹም ነጥብ ከመስመር ይልቅ ለጣት እንደሚቀል ወዲያው ዐወቁ። ሆኖም የባርቢዬ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ይደርስ ስለ ነበር ከጣት ጫፍ በላይ ሆነ፤ ደግሞም የቃሉን ድምፅ እንጂ የፊደሉን አጻጻፍ አያሳይም።

ሉዊ ይህን ምልክት ያሻሽል ጀመር። በ1824፣ በ15 ዓመቱ፣ ነጥቡን ወደ 6 አወረደው፤ እነርሱም በሁለት ዓምድ ሦስት ሦስት ሆነው ይቆማሉ። ጣት ሳይንቀሳቀስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይዳስሳቸዋል። ከ6ቱ ነጥብ 63 ልዩ ልዩ ምልክት ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ 10 ፊደላት ከላይኞቹ 4 ነጥቦች ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ለሚቀጥሉት 10 ከታች በግራ ያለው ነጥብ ይጨመርባቸዋል፤ ለቀሩት ደግሞ የታችኞቹ ሁለት ነጥቦች ይጨመራሉ። ስለዚህ 10ሩን ያጠና ልጅ የቀሩትን ለመያዝ አይቸገርም። ሲጽፍም ወረቀቱን በገበታ ላይ አጥብቆ፣ በሹል ብረት ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል።

በ1829 ሉዊ የንግግሩን፣ የሙዚቃውንና የዜማውን አጻጻፍ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። የአዲሱ ፊደል ማስረጃ ራሱ በአሮጌው የጎላ ፊደል ነበር የታተመው። በ1837 የፈረንሳይ ታሪክ በስሙ ብሬል በተባለው ፊደል ታትሞ ለተማሪዎቹ ተሰጠ።

በ1840 ግን የትምህርት ቤቱ ሹም ተለወጠ። አዲሱ ሹም ዱፎ፣ ዓይነ ስውራን ከሚያዩት ሰዎች የተለየ ፊደል ሊኖራቸው አይገባም ብሎ ብሬልን ከለከለ፤ መጻሕፍቱም መቃጠላቸው ይነገራል። ልጆቹ ግን አልተዉትም፤ በስውር እየጻፉ፣ ታላቁ ለታናሹ እያስተማረ ፊደሉን አቆዩት። የዱፎ ረዳት ዦዜፍ ጋዴም ለፊደሉ ተሟገተ። በ1844 የካቲት 22 ቀን አዲሱ ሕንፃ ሲመረቅ፣ ዱፎ ሐሳቡን ለውጦ ነበርና፣ ስለ ብሬል ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ በጉባኤ ተነበበ፤ ተማሪዎቹም ሲጽፉና ሲያነቡ ታዩ።

ሉዊ ብሬል በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሲኖር በሳንባ ነቀርሳ ታመመ፤ በ1852 ጥር 6 ቀን፣ 43 ዓመት በሞላው በ2ኛው ቀን ዐረፈ። ፈረንሳይ ፊደሉን በይፋ የተቀበለችው በ1854 ነው፤ ራሱ አላየውም። በ1878 በፓሪስ የተሰበሰበው የብዙ አገሮች ጉባኤ ብሬልን ከሌሎቹ ስልቶች መረጠ። በ1952 ዐፅሙ ወደ ፓሪስ፣ የታላላቅ ሰዎች መቃብር ወደ ሆነው ወደ ፓንቴዎን ሲፈልስ፣ እጆቹ ግን በተወለደበት በኩቭሬ ቀሩ።

ፊደሉ ከአገር አገር እየተሻገረ ለአማርኛም ሆነ። የአማርኛው ብሬል የግእዙን ቅርጽ አይከተልም፤ በወረቀት ላይ አንድ የሆነውን ሆሄ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፍለዋል፤ በፊት ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው ይጻፋል። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ፊደል የቆጠሩት በዚህ ነው።

ፊደሉ ከተገኘ በኋላ የሕፃናት ሥዕል ጉዳይ ገና ቀርቶ ነበር። የሚያዩ ልጆች ፊደል ሳይቆጥሩ ሥዕል ይገልጣሉ፤ ለዓይነ ስውር ልጅ ግን የሥዕሉን መስመር ማጉላት ብቻ አይበቃም፤ በመስመር የተከበበ በግ ለጣት በግ አይደለም። ስለዚህ በ1994 በፈረንሳይ በዲዦን አቅራቢያ ፊሊፕ ክሎዴ የሚዳሰስ መጽሐፍ የሚሠራ ማኅበር አቋቋመ። ከጨርቅ፣ ከቆዳና ከገመድ የተሠሩ የሥዕል መጻሕፍት በእጅ እየተገጣጠሙ፣ ከብሬሉ ጋር ለሚያየው ወላጅ የሚነበብ የታተመ ጽሕፈት ይዘው ይወጣሉ። እናት በዓይኗ፣ ልጇ በጣቱ፣ አንዱን ገጽ አብረው ያነቡታል።