ትዝታና አጭር ፍቅር

ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከሚቆጠሩት አራት ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። ስሙ ግን ቅኝትም፣ ዘፈንም፣ ስሜትም ነው። በአምስት ድምፆች ብቻ፣ ሳይሰነብት ያለፈን ፍቅር ዕድሜ ልክ ያስናፍቃል። ጌታቸው ካሣ በዝግታም በፈጣን ምትም ተጫውቶታል፤ ናፍቆቱ ግን በሁለቱም አልቀለለም።

አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ማሳተሚያውን ሲያቋቁም የአዲስ አበባ ሌሊት ገና ሞቅ ያለ ነበር። የ1974ቱን አብዮት ተከትሎ ሰዓት እላፊ መጣ፤ አምኃም በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ከዚያ ወዲህ ትዝታን ስሰማ፣ በዘፈኑ የምትናፈቀው «አንቺ» አንዲት ሴት ብቻ አትመስለኝም፤ ለስደተኛው ከተማውም፣ ወጣትነቱም ናት። የዘፈኑ ኃይል ለእኔ እዚህ ላይ ነው፦ የሄደውን አይመልስም፤ አጭር የነበረው ሁሉ ግን ከንቱ እንዳልነበረ ይመሰክራል።